እንደ ቤተሰብ ናት

ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም ብቅ ሲል የተነሳውን ጫጫታ መቼም አንረሳውም። የቱርኩም የላቲን አሜሪካውም ድራማ ድንገት አማርኛ መናገር ሲጀምር «ባህላችን አለቀለት» ያለ ነበር፤ «እንጀራችን ተነጠቀ» ያለ የሙያ ሰውም ነበር። የሁለተኛው ይገባኛል፤ ሆድ የሚባል ነገር አለ። የመጀመሪያው ግን ዛሬም ሳስበው ያስቀኛል። አገር ምድሩ ሲጨነቅ የከረመው ስለ መሳሳሙ ነበር። እዚያ ድራማ ውስጥ ከመሳሳሙ ይልቅ ቤታችንን ልታናውጥ የምትችል አንዲት ሰው ነበረች፤ ማንም ልብ አላላትም እንጂ። የቤት ሠራተኛዋ!

የላቲን አሜሪካ ተከታታይ ድራማ፣ እነሱ ቴሌኖቬላ የሚሉት ማለቴ ነው፣ ያለ ቤት ሠራተኛ አይሆንለትም። እ.ኤ.አ. በ1969 ፔሩ ውስጥ የተጀመረውን «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ»ን ውሰዱ። ማሪያ ከገጠር ሊማ መጥታ ሰው ቤት የተቀጠረች ልጅ ናት። ታረግዛለች፣ ትካዳለች፣ ማታ ማታ ስፌት ትማራለች፣ በመጨረሻም ስመ ጥር የልብስ ዲዛይነር ትሆናለች። ድራማው ሲተላለፍ ስፌት ለመማር የሚመዘገቡ ሴቶች በዙ፤ የስፌት መኪና ገበያም ደራ። ይህንን ያጠናው ሚጌል ሳቢዶ የሚባል ሜክሲኳዊ ደግሞ ሰውን እያዝናኑ የማስተማሪያ ዘዴ አበጀለት። ዘዴው ባሕር ተሻግሮ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም ጆሯችንን ሬዲዮ ላይ ለጥፈን የሰማነው «የቀን ቅኝት» የተሠራው በዚሁ በሳቢዶ መንገድ ነው። ስለዚህ የፔሩዋ ማሪያ ለእኛ ባዳ አይደለችም፤ የሩቅ ዘመድ ናት።

ስፌት የተማረችው ማሪያ ግን ብዙ ተከታይ አላገኘችም። ከእሷ በኋላ የመጡት ማሪያዎች ከማዕድ ቤት የሚወጡበት በር ሁለት ብቻ ሆነ። አንዱ ጋብቻ ነው፤ የቤቱ ልጅ ይወዳታል። ሌላው ደም ነው፤ በመቶ ምናምነኛው ክፍል ላይ የባለጠጋው የጠፋች ልጅ ሆና ትገኛለች። ዘፋኟ ታሊያ እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራችው «ማሪያ ላ ዴል ባሪዮ» የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ቆሻሻ ለቃሚዋ ልጅ የሀብታም ቤት ትገባለች፣ የቤቱን ልጅ ታገባለች። በደሞዝ ጭማሪ፣ በዓመት ፈቃድ፣ በውል ወረቀት ከዚያ ማዕድ ቤት የወጣች ግን አላየሁም። ድራማ አይሆንማ!

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰበብ ያደረግሁት ስለ «ሮማ» ላወራ ብዬ ነው። ስሙን ሰምታችሁ ጣሊያን እንዳትሄዱ። ሮማ የሜክሲኮ ሲቲ አንድ ሠፈር ነው፤ ዳይሬክተሩ አልፎንሶ ኩአሮን ያደገበት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ቬኒስ ላይ የወርቅ አንበሳውን ወሰደ፤ በማግስቱ ዓመት ሦስት ኦስካር አገኘ። ታሪኩ ከ1970 ወደ 1971 ይሻገራል። አንድ ሐኪም፣ ሚስቱ፣ አራት ልጆች፣ አንዲት አያት፣ አንድ ውሻ፣ ሁለት ሠራተኞች። ባል ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። ሠራተኛዋ ክሌዮም ታረግዛለች፤ ያስረገዛትም ይክዳታል። በቃ፣ ታሪኩ ይኼው ነው። ቀለም እንኳ የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ነው።

ያየነው እዚሁ ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስፓኒሽ የሚያውቅ ጎረቤቴ ቤት ነው። ስፓኒሽ ከየት አመጣ የሚል ካለ፣ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ ከ1971 ዓ.ም ጀምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ የምትባለው ደሴት ላይ ለትምህርት መሄዳቸውን ያስታውስ። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። ጎረቤቴ አንዱ ነው። ዛሬም ሲናደድ የሚናደደው በስፓኒሽ ነው።

ፊልሙ ሲጀምር ለረጅም ጊዜ የምናየው የቤት ንጣፍ ብቻ ነው። ውሃ ይፈስበታል፤ የሳሙና አረፋ ይመጣል፤ ውሃው ላይ ሰማይ ይታያል፣ በሰማዩ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ታልፋለች። ይህ ነገር ሌላ አገር ላለ ሰው ቅኔ ሊሆን ይችላል። እኛ ከቦሌ አየር ማረፊያ ጀርባ ነን፤ አውሮፕላን ሲመጣ ወሬ አቋርጦ ካለፈ በኋላ መቀጠል የሠፈራችን ባህል ነው። ወለል ስታጥብ አውሮፕላን ከላይዋ የሚያልፍባት ልጅ እያንዳንዱ ብሎክ ላይ አለች። አንድም ቀን ቀና ብለን አይተናት ይሆናል፤ አውሮፕላኑን ማለቴ ነው።

ጎረቤቴ ጋ የምትሠራው ልጅ ቡና እያፈላች በሩ አካባቢ ሆና ታይ ነበር። (ስሜን እንዳትጽፍ ብላኛለች፤ ቃሏን አክብሬያለሁ።) ከእሷ የወጣው የመጀመሪያው አስተያየት ምን መሰላችሁ? «ይሄን ሁሉ ውሃ!» ውሃ በወረፋ የሚመጣበት፣ ጀሪካን የቤት ዕቃ የሆነበት ሠፈር ውስጥ ሆናችሁ ስትሰሙት ከየትኛውም የፊልም ሐያሲ የሚበልጥ አስተያየት ነው።

ጎረቤቴ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ። እኛ የምናነበው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለሁሉም «ዩ» ነው። በስፓኒሹ ግን እመቤቲቱ ሠራተኛዋን «አንቺ» ትላለች፣ ሠራተኛዋ እመቤቲቱን «እርስዎ» ትላለች። ፊልሙን በአማርኛ ብንተረጉመው ከእንግሊዝኛው የበለጠ ይገባል ማለት ነው፤ «አንቺ»ም አለን፣ «እርስዎ»ም አለን፣ «እትዬ»ም አለን። ከሃያ ዓመት ልጅ አፍ ለሠላሳ ዓመቷ አሠሪ የሚወጣውን «እትዬ» የሚያውቅ ሰው «ሮማ» ላይ ተርጓሚ አያሻውም። በነገራችን ላይ ስፔን ውስጥ ፊልሙ በሜክሲኮ ስፓኒሽ ስለሆነ ብለው በስፔን ስፓኒሽ ጽሑፍ አስገብተውበት ነበር። ኩአሮን ክፉኛ ተቆጣ፤ ጽሑፉም ተነሳ። ጎንደሬ ሲናገር ለአዲስ አበቤ በአማርኛ ጽሑፍ እንደመተርጎም ማለት ነው።

ከስፓኒሹ ሥር ደግሞ ሌላ ቋንቋ አለ። ክሌዮና ጓደኛዋ አዴላ ለብቻቸው ሲሆኑ የሚያወሩት በሚሽቴክ ነው፤ ከነጮቹ በፊት በነበረው ሕዝብ ቋንቋ። ትንሹ ልጅ «ምንድን ነው የምትሉት? እንደዚያ አታውሩ» ይላል። ልጅ ነው፤ ክፋት የለውም። ቤቱ ግን አስተምሮታል። እዚህም ማታ ማታ በስልክ ከእናቷ ጋር በሀዲይኛ ወይም በኦሮምኛ የምታወራ ልጅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ዝቅ አድርጊ ያላት ላይኖር ይችላል።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ አዴላ ለክሌዮ አንድ ወሬ ትነግራታለች፤ መንግሥት የእናትሽን መሬት ወሰደ አሉ፣ ትላታለች። ክሌዮ እምብዛም አትመልስም፤ ፊልሙም አይመለስበትም። እኔ ግን እዚያ ላይ ቀረሁ። ቡልቡላ ዛሬ ፎቅ የተደረደረበት መሬት ብዙ ሳይቆይ እርሻ ነበር። የገበሬው መሬት ኮንዶሚኒየም ሲሆን የገበሬዋ ልጅ የት ሄደች ብሎ የሚጠይቅ ፊልም ገና ይሠራልን ይሆናል። ለአንዳንዶቹ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ፎቁ ውስጥ ናቸው፣ ማዕድ ቤት።

የፊልሙ ትልቁ ቦታ ለእኔ ባሕር ዳርቻው አይደለም፤ ሆስፒታሉ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1971 ነው፤ መንገድ ላይ ተማሪዎች እየተገደሉ ነው፤ ክሌዮ ምጥ ይዟታል። (የእኛን 1969ና 70 ያሳለፈ ሰው ያንን መንገድ ማስረዳት አይፈልግም።) የቤቱ አያት ይዘዋት ይመጣሉ። መዝጋቢዋ ትጠይቃለች፤ ሙሉ ስሟ? የተወለደችው መቼ ነው? አያትየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንግጠዋል፣ አልቅሰዋል። ግን አያውቁም። አብራቸው የምትኖረውን፣ ልጆቻቸውን የምታስተኛውንና የምትቀሰቅሰውን ልጅ መዝገብ ሲጠይቃቸው የሚመልሱት የላቸውም።

ይህንን ካየሁ በኋላ በእኛ ብሎክ አንድ የማይረባ ጥናት አደረግሁ። አራት አሠሪዎችን የሠራተኛችሁ አባት ስም ማን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዷ መለሰች። ሁለቱ መታወቂያዋ ፎቶ ኮፒ ላይ አለ አሉኝ፤ ተያዥ ሲጠሩ ያመጣችው። አራተኛው «ደላላው ያውቃል» አለ! ጥበቃው ደግሞ ሁሉንም የሚያውቃቸው በቤት ቁጥር ነው፤ የ204 ልጅ፣ የ311 ልጅ።

ጠይቁ እስቲ፣ አራቱም ግን አንድ ነገር ይነግሯችኋል። «እንደ ቤተሰብ ናት።» «እንደ ልጄ ነው የማያት።» አይዋሹም። ችግሩም እሱ ነው፤ አለመዋሸታቸው።

«ሮማ»ን የሚወዱትም የሚተቹትም ሰዎች የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ውስጥ ቤተሰቡ ክሌዮን ይወዳታል። ማታ ተሰብስበው ቴሌቪዥን ሲያዩ እሷም ከልጆቹ አጠገብ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ አንዱ ልጅ እጁን ትከሻዋ ላይ ያሳርፋል። እንዴት ደስ ይላል ስትሉ፣ ለዶክተሩ ሻይ አምጪላቸው ትባላለች። ተነሥታ ትሄዳለች። መጨረሻው አካባቢ፣ መዋኘት የማትችለው ክሌዮ ባሕር ውስጥ ገብታ ልጆቹን ታወጣለች። ሁሉም አሸዋው ላይ ይተቃቀፋሉ፣ እንወድሻለን ይሏታል። ጎረቤቴ ሚስት እዚያ ላይ ተንሰቀሰቀች፤ እኔም ዓይኔ ደረቅ ነበር ብዬ አልዋሽም። ከዚያ ቤት ይገባሉ። ሻንጣው ሳይፈታ አንዱ ልጅ የሙዝ ጁስ ሥሪልኝ ይላታል።

ኩአሮን ይህንን በድንገት አላስገባውም። ፍቅሩም እውነት ነው፣ ጁሱም እውነት ነው እያለን ነው። እዚህ ድረስ አብሬው ነኝ። ፊልሙን ለገዛ ሞግዚቱ ለሊቦ ሰጥቷል፤ የቤቱን ዕቃ ከየዘመዱ ሰብስቦ እንደነበረ አድርጎ አቁሞታል። እንዲህ ያለ የልጅ ፍቅር ፊልም ላይ ብዙ አይታይም። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ የገለጸችልኝ ቡና የምታፈላው ልጅ ናት። ሁላችንም ዓይናችንን እየጠረግን ሳለ ጠየቀች፤

«ደሞዟ ስንት ነው?»

ጎረቤቴ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ ስክሪኑ። ሁለት ሰዓት ከሩብ በላይ አብረናት ቆይተን መልሱን ፊልሙ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ስለ ክሌዮ ብዙ አውቀናል፤ ምን እንደምትለብስ፣ ሻማ አብርታ ስፖርት እንደምትሠራ፣ ማንን እንደወደደች። መብራቱን ማታ ቶሎ ማጥፋት እንዳለባት ሳይቀር። ደሞዟን ግን አናውቅም፤ ምክንያቱም የሚያስታውሳት ልጅ ነው፣ ልጅ ደግሞ የሞግዚቱን ደሞዝ አያውቅም። ፊልሙ እሷን የሚያየው ከታች ወደ ላይ ነው፤ እንደ ቅድስት። ቅድስት ደሞዝ አትጠየቅም፣ አትቆጣም፣ ሥራ አትለቅም። ክሌዮን የሠራችው ያሊትሳ አፓሪሲዮ፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ተምራ የወጣች የኦሃካ ልጅ፣ በአንድ ፊልም ለኦስካር የታጨችው በዝምታዋ ነው። የሚገርመው ግን ታጭታ ሳለ የታወቀ የቴሌኖቬላ ተዋናይ በዘሯ ሲሰድባት የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ ኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በቴሌኖቬላው ሠራተኛዋን ለመሆን የሚመረጡት ነጫጮቹ ስለሆኑ እውነተኛዋን ስታዩ መደንገጥ ይኖራል።

ሜክሲኮ ግን ዝም አላለችም። ፊልሙ በየቤቱ በታየበት በዚያው ወር፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2018፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቤት ሠራተኞችን ከግዴታ ማኅበራዊ ዋስትና ውጭ ማድረግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። በ2019 ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሻለ፤ በ2020 አገሪቱ የዓለም የሥራ ድርጅትን የቤት ሠራተኞች ስምምነት ተቀበለች። ይህን ፊልም አላመጣውም። በ14 ዓመቷ ሰው ቤት የተቀጠረችው ማርሴሊና ባውቲስታና መሰሎቿ ፊልሙ ከመታሰቡ በፊት ጀምሮ ሲጮኹለት የኖሩት ነገር ነው። ፊልሙ የጠቀመው አሠሪዋ ሳሎን ውስጥ ወሬው እንዲነሳ ነው።

እኛስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአዋጁ አወጣና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለብቻው ደንብ እንደሚያወጣለት ጻፈ። 15 ዓመት አለፈ፤ ደንቡ አልወጣም። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መጣ፤ ያንኑ ነገር ደገመው። ወደኋላ ስንሄድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ፤ አሠሪው አብራው የምትኖረውን ሠራተኛ ጤናና ሥነ ምግባር እንዲጠብቅ ያዝዛል። እሱም ቢሆን የአባት ምክር ይመስላል፤ እንደ ቤተሰብ።

ወደ ዓረብ አገር ለምትሄደው ልጅ ደግሞ ሌላ አዋጅ አለን፣ ቁጥር 923/2008። በመንግሥት የጸደቀ የሥራ ውል ያስፈልጋታል፤ የመድን ሽፋን ያስፈልጋታል። እንዲህ መሆኑ ደግ ነው። በ2004 ዓ.ም ዓለም ደቻሳ ቤይሩት ከቆንስላችን በር ላይ ስትጎተት በቪዲዮ ያየን፣ ብዙም ሳይቆይ ማለፏን የሰማን ሰዎች ለዚያ አዋጅ ምክንያት አናጣም። ያን ሰሞን ያለቀሰው ሁሉ የሊባኖሷን «ማዳም» ሲረግም ነበር። ያቺ ልጅ ከአገሯ ሳትወጣ፣ ቡልቡላ ወይም ገርጂ ተቀጥራ ቢሆን ኖሮ ግን ውልም መድንም የሚጠይቅላት አዋጅ አልነበረም። ይኸው ልዩነት ነው የማይገባኝ፤ ድንበር ስትሻገር ሠራተኛ፣ ሳትሻገር ቤተሰብ የምትሆንበት።

ስለዚህ ከ«ሮማ» ቀጥሎ አንድ ፊልም እዩ የምትሉኝ ከሆነ «ላ ናና»ን እላለሁ። የቺሊ ፊልም ነው፤ ሴባስቲያን ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ2009 የሠራው፣ ሰንዳንስ ላይ ያሸነፈ። ራኬል የምትባለው ሠራተኛ አንድ ቤት ውስጥ 23 ዓመት ኖራለች። ልደቷ ነው፤ ቤተሰቡ ኬክ ይዞ ሳሎን ይጠብቃታል፣ እሷ ማዕድ ቤት ብቻዋን እየበላች አልመጣም ትላለች። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ቤተሰብ ነው የሚያዩዋት። እሷ ግን ኩርፍተኛ ናት፣ ራሷን ያማታል፣ ከቤቱ ትልቋ ልጅ ጋር ጠበኛ ናት። ረዳት ሲቀጠርላት በሩን ቆልፋ ደጅ ታስቀራታለች፤ አዲሷ ልጅ በታጠበች ቁጥር ገንዳውን በረኪና ታጥበዋለች። ካታሊና ሳቬድራ ስትሠራት አንድም ቦታ ላይ እዘኑልኝ አትልም። እኔ ግን ከክሌዮ ይልቅ እሷን አመንኋት። 23 ዓመት የሌላ ሰው ልጆች አሳድጎ፣ የራስ የሚባል ነገር ሳይኖረው የቀረ ሰው ቅዱስ አይሆንም፤ በር ይቆልፋል። «ሠራተኞቹ እኮ አመላቸው ከፋ» የምትሉ ሁሉ ይህንን ፊልም እዩት፤ አመሉ ከየት እንደሚመጣ ታያላችሁ።

ራኬልን የሚያለዝባት ፍቅርም ጋብቻም አይደለም፤ ሉሲ የምትባል ሌላ ሠራተኛ ናት። ሉሲ በሩ ሲቆለፍባት አትጮህም፤ ደጅ ላይ ልብሷን አውልቃ ፀሐይ ትሞቃለች። ለገና በዓል ራኬልን ወደ ወላጆቿ አገር ይዛት ትሄዳለች። ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ሉሲ ስፖርት ልብስ ለብሳ መንገድ ላይ ትሮጣለች። ኋላም ሥራውን ትታ ትሄዳለች። ፊልሙ የሚያልቀው ራኬል ብቻዋን፣ በጨለማ፣ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ አድርጋ ስትሮጥ ነው። የትም አትሄድም፤ ተመልሳ እዚያው ቤት ነው የምትገባው። የሯጮች አገር ነን፤ ሴት ልጅ ስትሮጥ አይተን አንገረምም። የሰው ቤት ሠራተኛ ለራሷ ስትሮጥ ግን በእኛ ፊልም ላይ አይቼ አላውቅም።